ጨው የጠፋበት ሳምንት

አገሬ ስም አላት፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አልጠራውም። ስሟን የሰማ ሁሉ “ያ ሰውዬ የነበረባት አገር” እንዳይላት ብዬ ነው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ያደረግሁትን ለመናገር እስከ ዛሬ የቆየሁትም አፍሬ ነው፤ አሁንም አላፈርኩም ማለቴ አይደለም።

በከተማችን ሹመት ሁሉ የሰውነት ክፍል ስም ነበረው። ድንበር የሚጠብቀው ዐይን ይባላል፤ አዋጅ የሚለፍፈው አፍ ይባላል፤ የሕዝቡን አቤቱታ የሚሰማው ደግሞ ጆሮ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ጆሮ ነበርኩ። ስሜ ተሰማ ነው፤ አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ሊያሾፍብኝ አልነበረም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ባለጉዳይ ፊቴ ይቆማል፤ የሚለውን አንድ ጊዜ ይላል፤ እኔ የሰማሁትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ ጸሐፊው አለቃ ፈንታ ይጽፋል፤ የተጻፈው ለሰባቱ ሽማግሌዎች ይነበባል። ጉዳዩ እኔ የደገምኩት ነው እንጂ ባለጉዳዩ ያለው አይደለም። ሁለት ጊዜ መናገር ክልክል ነበር፤ “የተደገመ ቃል ልመና ነው” ይባላል። ከዚህ የባሰው ግን “ምን አልክ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ሰውየውን አፍህ አይታመንም ከማለት፣ ራስንም ደንቆሮ ነኝ ከማለት ይቆጠራል። ደንቆሮ የሚለው ቃል ደግሞ ለማይሰማውም ለማያውቀውም አንድ ስለሆነ፣ ጆሮው የደከመ ሰው ዕውቀቱም አብሮ ተነጠቀ ማለት ነው።

በዚህ የተነሣ በከተማችን የሸመገለ ሰው ሁሉ ራስ መነቅነቅ ይማር ነበር። አንዴ ዝቅ ማድረግ “እሺ” ነው። ሁለቴ ዝቅ ማድረግ “ነፍስ ይማር” ነው። ዐይን ጨፍኖ ቀስ ብሎ መነቅነቅ “ይታሰብበታል” ነው። በእነዚህ በሦስቱ ብቻ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ተከብሮ ይኖራል፤ ብዙዎችም ኖረዋል።

እኔን መጀመሪያ የከዱኝ ወፎች ናቸው። አንድ ጠዋት ተነሥቼ በረንዳ ላይ ብቀመጥ አገሩ ጭር ብሏል። ወፎቹ ከአገር ወጡ ብዬ ለሽማግሌዎቹ አስታወቅሁ። እነሱም የወፍ አፈላላጊ ሾሙ። አፈላላጊው ሦስት ቀን ዛፍ ለዛፍ ዞሮ ሲመለስ፣ ወፎቹ በየቅርንጫፋቸው እንዳሉ፣ አፋቸውንም እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ፣ ድምፃቸውን የነፈጉት ጆሮን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ይህን ንቀት ነው አሉ፤ ወፎቹም በሌሉበት ተወቀሱ። እኔ ከልቤ ነበር የተቀየምኳቸው።

ከወፎቹ ቀጥሎ የሴቶችና የሕፃናት ድምፅ ሄደ። ሰዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚናገሩበት ዘመን መጣ ብዬ ተማረርኩ። ቀስ ሲሉኝ አይገባኝም፤ ሲጮሁብኝ ያመኛል፤ “ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ መሰልኩህ?” እል ነበር። ቤት ውስጥ ባለቤቴ የውብዳር ከጓዳ ሆና የምትለኝን ሁሉ “ይሁን” ብዬ እመልስላት ጀመር። “ይሁን” ለምንም ነገር የሚስማማ መልስ ነው። በ“ይሁን” በቅሏችንን ለወንድሟ ሰጠሁ። በ“ይሁን” ልጃችንን ስንዱን ዳርኩ፤ ሠርግ እንዳለን ያወቅሁት ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል አይቼ ነው። ሙሽራው ደግ ልጅ ወጣ፤ ተመስገን። እኔ ግን ጉልበቴን ሲስም ስሙን አላውቀውም ነበር።

የውብዳር መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፤ ኋላ ትናደድብኝ ጀመር፤ በመጨረሻ ወሬ ተወችኝ። ሰው ከሚስቱ ጋር አንድ ማዕድ ቀርቦ ዝም ሲባባል ሰላም ይመስለዋል። እኔም ሰላም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠችና አገጬን ያዘችኝ። “አንተ ሰው፣ ታችኛው ሠፈር ጆሮ የምታይ ሴት አለች፤ ትብለጥ ትባላለች። ካልሄድክ እኔ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ” አለችኝ። ፊቷን እያየሁ ስለነበር እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ። ሄድኩ፤ ግን ካባዬን ገልብጬ ለብሼ ማንም እንዳያውቀኝ ተደብቄ።

ትብለጥ ወጣት ናት፤ ቸኩላ አትናገርም። ጆሮዬን በመብራት አየች፤ ከኋላዬ ቆማ ቃጭል አቃጨለች፤ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ እያፈራረቀች ስሰማ እጄን እንዳነሣ አዘዘችኝ። እጄን ያነሣሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

“ኩክ አይደለም፣ በሽታም አይደለም፤ ዕድሜ ነው” አለችኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ። “ወፍራሙ ድምፅ ይደርስዎታል፤ ቀጭኑ ይቀራል። ሰው ሲናገር ይሰማዎታል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይዎትም። አይደለም እንዴ?”

ራሴን አንዴ ዝቅ አደረግሁ።

“አይነቅንቁልኝ፤ ይንገሩኝ።”

“ነው” አልኳት። ይህቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ላብ አጠመቀኝ።

“የጎደለውን ፊደል ልብዎ እየሞላ ነው የሚኖሩት። ለዚህ ነው ማታ ማታ እንደ አራሽ የሚደክምዎት። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማገዝ ይቻላል።” ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል መሣሪያ አወጣችና አጠለቀችልኝ። “ይህቺ ነገሩን ሁሉ ታጎላለች፤ የማይፈልጉትንም ጭምር። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት እያሉ ይልመዷት። በአንድ ቀን ተአምር አይጠብቁ። ለሰውም ይንገሩ፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ ሳይጮሁ ያናግሩኝ ይበሉ። ያልገባዎትን ቃል በሌላ ቃል ያስቀይሩ። የሚደብቁት ከሆነ ግን እኔም መሣሪያዋም አንጠቅምዎትም።”

መሣሪያዋን ግማሽ ቀን አደረግኋት። የራሴ እርምጃ አስደነገጠኝ። ድስት ሲከደን ከወንበሬ ዘለልኩ። በማግስቱ ወደ ችሎት ልሄድ ስል መስታወት ፊት ቆምኩና ራሴን አየሁት፤ የአገር ጆሮ፣ ጆሮው ላይ ሌላ ጆሮ ደርቦ። “ጆሮው ራሱ ጆሮ ተበደረ” ሲሉ ታየኝ። አወለቅኋትና ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። የውብዳር ይህን ስታይ “ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ” ብላኝ ወጣች። ይህ እንግዲህ ልናገረው ካልኩት ነገር ሁለት ዓመት በፊት ነው። አላውቅም ነበር እንዳልል ያደረገኝም ይኸው ነው፤ አውቅ ነበር።

ደብሪቱ የምትባል ሴት አንድ ሰኞ ችሎት ቀረበች። ባሏ ላቀው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ያን ዕለት ካፊያ ነበር፤ የችሎቱ ቆርቆሮ ከላይ ይንጫጫል፤ ግቢው ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ይንሾካሾካል። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አንድ ነገር ተናገረች። የሰማሁት “…ው ጠፋብኝ” የሚል ነው። ከዚያ ቀጥሎ “እርስዎ” እና “ማረፊያ” የሚሉ ነገሮች ተንጠባጠቡ። ድሃ መሆኗን አየሁ፤ እጇ ባዶ መሆኑን አየሁ። ልቤም የቀረውን ሞላው።

“ጨው ጠፋብኝ ትላለች” አልኩ ጮክ ብዬ። “በእርስዎ ጥላ ሥር እያረፍኩ ጨው እንዴት ላጣ፣ ትላለች።”

ግቢው ዝም አለ። አለቃ ፈንታ ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። ሁለት መቶ ሰው “ሰው ጠፋብኝ” ስትል ሰምቷል። እሱም ሰምቷል። እኔ ግን ዝምታውን አክብሮት ብዬ ወሰድኩትና “ጻፍ እንጂ” አልኩት። ጻፈ። ኋላ ለምን እንደጻፈ ስጠይቀው “እኔ እርስዎ ያሉትን ነው የምጽፈው፤ እሷ ያለችውን ለመጻፍ ማን ሾመኝ?” አለኝ።

ደብሪቱ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ተራምዳ ደግማ ተናገረች። ዘበኞቹ “ሥርዓት!” ብለው ክንዷን ያዙ። መሬት ላይ ወደቀች። የምታመሰግነኝ መሰለኝ፤ በደግነት ፈገግ አልኩላት። አንድ ቁና ጨው አሸክመው ወደ ቤቷ ላኳት።

እውነተኛው ነገር ይህ ነበር። ከከተማው ጀርባ የጆሮ ማረፊያ የሚባል ሜዳ አለ። ጆሮ በየጠዋቱ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ያሳርፋል። ጫጫታ እንዳይደርስበት ከእሱ በቀር ማንም ሰው ወደ ሜዳው እንዳይገባ ድሮ በአዋጅ ተከልክሏል፤ ወፍ እንኳ ቢቻል አይፈቀድም ነበር። ሜዳው ላይ አሮጌ ጉድጓዶች ነበሩ። ላቀው ከበጋው በፊት የትኛው ተጠርጎ ውሃ እንደሚሰጥ ለማየት፣ እኔ በሌለሁበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሸሽጎ ገባ። አፋፉ ተናደና ከነአካፋው ወደ ታች ወረደ። ሚስቱ ወዴት እንደሄደ ታውቃለች፤ መግባት ግን አትችልም። መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ሰው መጣች። “ጌታዬ፣ ሰው ጠፋብኝ፤ እርስዎ ከሚያርፉበት ማረፊያ ሳይሆን አይቀርም” ነበር ያለችው።

ሰባቱ ሽማግሌዎች የጨውን ጉዳይ ዐይናቸውን ጨፍነው መረመሩ። ማክሰኞ የጨው አፈላላጊ ተሾመ፤ ከወፎቹ ጊዜ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የነበረው ሰውዬ ነው። አፍ በየመንደሩ እየዞረ “ጨው ጠፍቷልና ያየህ ተናገር” ብሎ ለፈፈ። ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ገብቶ ቢያይ ጨው አለ። አለ ቢል ጆሮን ዋሽቷል ማለት ይሆንበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨውን ደበቀና ጠፍቷል አለ። ረቡዕ ዕለት ገበያ ላይ በእርግጥ ጨው ጠፋ። ከተማው ሁሉ አልጫ በላ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ከመሆኑ ሁለት ቀን አስቀድሜ ስለሰማሁ አመሰገኑኝ፤ የክብር ካባ ደረቡልኝ።

በየደጁ ግን የሚወራው ሌላ ነበር። ላቀው ጠፋ፣ ላቀው የት ገባ፣ የደብሪቱ ነገር ምን ይሻላል ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ከተማ ሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አልሰማሁም። የውብዳር እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ከጓዳ ሆና ስለሆነ የምትነግረኝ፣ “ይሁን” እላት ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ።

ሰኞ በካፊያው ምክንያት ቀርቼ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከምድር ሥር የሚያጉረመርም ነገር ይሰማኝ ነበር። ቃል አልነበረውም፤ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ወፎቹ ቢነፍጉኝ ምድር ራሷ ታናግረኛለች አልኩ። ባለጉዳይ መልስ ይገባዋልና “ይሁን” አልኳት። ጉርምርምታው በረታ። “ይሁን፣ ይሁን፤ ይታሰብበታል” አልኩና ካባዬን አራግፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ረቡዕም እንዲሁ አደረግሁ፤ ያን ቀን ድምፁ ረጅም ነበር፤ እኔም ረጅም መልስ ሰጠሁ። ሐሙስ ድምፁ አነሰ። ምድር ጉዳይዋ አልቆላት ረክታ ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ መረቅኋት።

ዓርብ ጠዋት ላነሰው ጉርምርምታ “ይሁን” እያልኩ ሳለሁ፣ ደብሪቱ አዋጁን ጥሳ ሜዳው ውስጥ ገባች። ከኋላዬ ስለመጣች አላየኋትም። ቆማ ምን ያህል እንዳዳመጠች አላውቅም። የማውቀው ክንዴን ስትይዘኝ ነው። ፊቷ ተለዋውጦ አፏ ይንቀሳቀሳል። ልቆጣ ስል እጇን ወደ መሬት ዘረጋች። ከድንጋዬ አሥር እርምጃ አልሞላም፤ ሄጄ ቁልቁል አየሁ። ታች፣ ጭቃ ውስጥ፣ የሰው ፊት ነበር። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሰው ሲያፍር ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል። የእኔን ዕፍረት የከፋ ያደረገው ምድር ተከፍታ የቆየችው ለሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ላቀውን በገመድ አወጡት። እግሩ ተሰብሯል። የካፊያው ውሃ በሕይወት አቆይቶታል፤ ድምፁ ግን አምስት ቀን ሲጣራ ተዘግቷል። በቃሬዛ ይዘውት በፊቴ ሲያልፉ አየኝ። እኔ ድንጋዬ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት ስገባ የውብዳር መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፊቷ በብርሃኑ በኩል ነበር።

“ሁሉ ሰው የሚያወራውን ልነግርህ ነው” አለችኝ ቀስ ብላ። “ሰውየው ‘ጌታዬ፣ ወድቄያለሁ፣ አውጡኝ’ ይልህ ነበር። አንተ ‘ይሁን’ ትለው ነበር። ‘ገመድ ላኩልኝ’ ይልህ ነበር። ‘ይታሰብበታል’ ትለው ነበር። የዛሬውን ደብሪቱ በጆሮዋ ሰምታለች፤ የቀደመውን ላቀው በሹክሹክታ ነግሯታል። ሐሙስ ዕለት ምን መስሎህ ነው የመረቅኸው?”

“ምድር መስላኝ” አልኳት።

የውብዳር እጇን ከፊቴ አነሣችና “እኔንም እንዲሁ ነው ስትመልስልኝ የኖርከው” አለችኝ። ሣጥኑን ራሴ ከፈትኩና መሣሪያዋን አደረግኋት። ጎረቤት የሚያለቅስ ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት ልጅ እንዳላቸው አላውቅም።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ ደብሪቱ ተከሳ ቀረበች። ክሱ ሁለት ነው፤ የተከለከለ ሜዳ መግባትና ቃል አጣሞ መናገር። ጆሮ አይሳሳትም፤ ጨው ብሎ ከሰማ ጨው ተብሏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአፏ ነው። ቅጣቱም ለአንድ ዓመት በሕዝብ ፊት እንዳትናገር ነው። እንዲህ ያለ መምታታት ዳግመኛ እንዳይፈጠርም ሰው የሚለው ቃል ከቋንቋው እንዲወጣና በምትኩ “ባለ ሁለት እግር” እንዲባል የፍርዱ ረቂቅ ያዝዛል። የዶሮን ጉዳይ ያነሣ አልነበረም። ፍርዱ እንዲጸና የቀረው የእኔ “ይሁን” ብቻ ነው።

ትከሻዬ ላይ የክብሩ ካባ አለ። ዝም ብል ካባውም፣ ሃያ ሦስቱ ዓመትም፣ ስሜም ይቆዩልኛል፤ ለዚህ የሚከፈለው የአንዲት ሴት አፍ ነው። ይህን ለመወሰን ጊዜ አልወሰደብኝም ብል ደስ ባለኝ። ወስዶብኛል። አለቃ ፈንታ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠበቀኝ።

“አልሰማኋትም” አልኩ በመጨረሻ። “ሰው ነው ያለችው፤ ጨው ያልኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ከደከመ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ከነገሩኝ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ደብቄያችሁ ነው።”

ሰባቱ ሽማግሌዎች አዩኝ። ስድስቱ ራሳቸውን አንዴ ዝቅ አደረጉ። ሰባተኛው፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ፣ ሁለቴ ዝቅ አድርጎ ነፍስ ይማር አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የደገምኩላቸውን ሁሉ እንዲህ ነበር የሰሙት። ከሕዝቡ አፍ እስከ ሽማግሌዎቹ ወንበር ድረስ አንድም የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ደንቆሮ እኔ ነበርኩ። ግን ነቅንቀዋል፤ መነቅነቅ ደግሞ “እሺ” ነው። አለቃ ፈንታ ነገሩ ቶሎ ገባውና “ሽማግሌዎቹ የጆሮን ቃል ተቀብለው ሴቲቱን በነጻ አሰናብተዋል” ብሎ ጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ጸንቶ ቀረ። ካባዎቹን ሁለቱንም አውልቄ ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ደብሪቱ ስታልፍ አላየችኝም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ወደ ላቀው ቤት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መሣሪያዋን መልመድ አለብኝ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን ፊቱን ፈርቼ ነው።

ደብሪቱ በሩን ከፈተችልኝ። ግቡ አላለችኝም፤ ዞር ብላ መንገዱን ለቀቀችልኝ። ላቀው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሩ ታስሯል። በርጩማ ወዲያ ጥግ ነበር፤ እዚያው ተቀመጥኩ። ውጭ ቀጥቃጮች ቆርቆሮ ያቃናሉ፤ መሣሪያዋ ያንን ሁሉ ቀድታ ጆሮዬ ውስጥ ታፈሰዋለች።

“በድዬሃለሁ” አልኩት። “ያልሰማሁህ ጆሮዬ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ መድከሙን ስለደበቅሁ ነው። የደበቅሁትም ለክብሬ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።”

ላቀው ተናገረ። ድምፁ ገና አልተመለሰም፤ ሻካራና ዝቅ ያለ ነበር። “ይቅር” የምትለዋ ደረሰችኝ። መጨረሻዋ አካባቢ “ዎት” የምትል ነገር ሰማሁ። መካከሉን ቀጥቃጮቹ ወሰዱት። ይቅር ይበልዎት አለኝ አልኩ በልቤ። ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ተነሥቼ ጉልበቱን ስሜ ልወጣ፣ ደስ እያለኝ ወደ የውብዳር ልሄድ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። አልተነሣሁም።

“ምን አልክ?” አልኩት።

ደብሪቱ ከጓዳው በር ላይ ቆም ብላ አየችኝ። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድም ሽማግሌ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ላቀው ደገመው። አሁንም ያው ነው፤ ጫፍና ጫፉ ብቻ።

“አልሰማሁህም፤ እባክህ ድገምልኝ።”

ደብሪቱ ሄዳ በሩን ዘጋችው፤ የቀጥቃጮቹ ጫጫታ ራቀ። በርጩማዬን ከነእኔ ጎትታ ወደ አልጋው አስጠጋችኝ። መስኮቱን ስትከፍት ብርሃኑ የላቀው ፊት ላይ ወደቀ።

“አትጩህ፤ ጉሮሮህን ትጎዳለህ” አለችው። “ቀስ ብለህ በለው። ከንፈርህን ይየው።”

ላቀው ዐይን ዐይኔን አየኝ።

“ይቅር አልልዎትም” አለኝ።

“ሰማሁህ” አልኩት።